ጣሪያውን ዓይቶ «ማታ እደውልልሻለሁ» ያለው ባለሙያ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሦስት ሰው ጠራሁ። አንዱ ስልክ አላነሳም። ሁለተኛው ‹ነገ ጠዋት እመጣለሁ› ብሎ ቀረ። ሦስተኛው መጥቶ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ዓይቶ ‹ዋጋውን አስልቼ ማታ እደውልልሻለሁ› አለኝ። ይኸው 12 ቀኑ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ብደውልም አያነሳም። ሥራው ትንሽ ስለሆነና ሴት ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው? ጎረቤቴ ‹ግማሹን ቀብድ ስጪ፣ ያን ጊዜ ይያዝልሻል› ትለኛለች። ልስጥ? ወይስ ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ልፈልግ?»

ምላሽ፦ ቀብዱን አይስጡ። ይህን ያስቀደምኩት ከጠየቁት ሁሉ ገንዘብዎን ሊያስበላ የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስቱን ሰዎች አንድ ላይ ደምረው «ንቀውኝ ነው» ብለዋል። እኔ የማየው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ስልክ ያላነሳው ቁጥርዎን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ቀጠሮ ሰጥቶ የቀረው የጀመረው ሥራ አላለቀለትም ይሆናል። ዓይቶ የጠፋው ግን መልስ ሰጥቶዎታል። መልሱ «አይሆንም» ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገር ስላቃተው በዝምታ ነገረዎት። ሴት ብቻዋን ስታነጋግረው ዋጋ የሚቆልል ሰው የለም አልልም፤ አለ፣ አውቃለሁ። እሱ ግን አይጠፋም። ዋጋ ሊቆልል ያሰበ ሰው በዚያው ማታ ነው የሚደውለው።

ሦስተኛው ሰው ቤትዎ የመጣበትን ዕለት ያስቡት። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ኮርኒሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ መሰላል ተክሎ ወጣ። ምናልባት ቡናም አቅርበውለት ይሆናል። ጣሪያው ላይ ቆሞ የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን አወቀ። ወርዶ ሲኒውን ይዞ «እትዬ፣ ይቺ ሥራ አታዋጣኝም» ይበልዎት? ይሉኝታ ይይዘዋል። በኛ ዘንድ ቤት ድረስ ተጠርቶ ለመጣ ሰው «አልችልም» ማለት ደንበኛን ከደጅ እንደመመለስ ነው። «ማታ እደውላለሁ» ማለት ግን ሁለታችሁንም በሰላም ያሰናብታል። በዚያች ሰዓት እንደማይደውል እሱ ራሱም ቁርጡን ላያውቅ ይችላል። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም። እርስዎ በቀን ስድስቴ ሲደውሉ ኀፍረቱ ይብስበታል እንጂ አይቀልለትም።

ለምን አታዋጣውም? ሰውየው አቶቴ አካባቢ ይኖራል እንበል። ቤትዎ መጥቶ ዓይቶ እስኪመለስ ጠዋቱ ያልቃል። የቆርቆሮ ሚስማርና የሲሊኮን ዋጋ ለመጠየቅ ሁለት ሦስት መደብር መዞር አለበት። ዕቃውን በባጃጅ ያመጣል። ጣሪያ ላይ ብቻውን አይወጣም፣ መሰላል የሚይዝለትና ዕቃ የሚያቀብለው ረዳት ይፈልጋል፤ ረዳቱ ደግሞ ለግማሽ ቀን ብሎ ከቤቱ አይወጣም፣ የሙሉ ቀን ሒሳቡን ነው የሚቀበለው። ሥራው ራሱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ዝናብ ከመጣ ሁሉም ነገር ለነገ ያድራል። እርስዎ የሚያዩትና የሚከፍሉት ሦስቱን ሰዓት ነው፤ እሱ ያወጣው ሁለት ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ከአንድ ሳይት ፎርማን ደውሎ «የ15 ቀን ሥራ አለ፣ ሰው ይዘህ ና» ካለው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ ከተማችን ከገባ ወዲህማ እጁ የተፈታ ግንበኛና ቀለም ቀቢ ለቤት ጥገና ማግኘት ይበልጥ ከብዷል።

ይህን የምጽፈው ለባልደረቦቼ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። በዚህ ከተማ 19 ዓመት ጣሪያና ቧንቧ ሠርቻለሁ፣ አሁን ትንሽ የጥገና ቡድን አስተባብራለሁ፤ እኔም ያልደወልኩላቸው ሰዎች አሉ። ከዓመታት በፊት መናኸሪያ አካባቢ አንዲት እናት ኮርኒሳቸውን አሳይተውኝ «እደውላለሁ» ብዬ ወጣሁ። ቱላ መንገድ ላይ ትልቅ ሥራ ስለያዝኩ ተውኳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰፈሩ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ አየሁ፤ ኮርኒሱ ወርዶ አልጋው ላይ ተኝቷል፣ ውሃ የጠጣ ቺፕውድ እንደ ገንፎ ሆኖ ፍራሹ ላይ ተለጥፏል። እኒያ እናት እኔን እየጠበቁ ሌላ ሰው አልጠሩም ነበር። «ልጄ፣ አልችልም ብትለኝ ኖሮ ሌላ እፈልግ ነበር» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማልሠራውን ሥራ እዚያው በሩ ላይ እናገራለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

ስለ ስልኩም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ስልኩን ታች ለረዳቱ ሰጥቶ ነው የሚወጣው፤ የቧንቧ ሠራተኛ እጁ እርጥብ ነው። ማታ ስልኩን ሲያይ ያልተነሱ ብዙ ቁጥሮች ተደርድረው ይጠብቁታል። ከመካከላቸው የማያውቀው ቁጥር የአዲስ ደንበኛ ይሁን የዕቃ ዕዳ የሚጠይቀው ባለሱቅ ይሁን መለየት አይችልም። ካርድ የሚሞላው በየቀኑ ለዕለቱ ያህል ነው፤ ለአምስት ሰው መልሶ ልደውል ቢል ካርዱ አይበቃም። መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ ስልኩ ራሱ ዝግ ነው። ስለዚህ የሚደወልበት ሰዓት ለውጥ ያመጣል፦ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ወይም ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ። አንድ ጊዜ ይደውሉ፤ ካላነሳ ስምዎን፣ ሰፈርዎንና ሥራውን በአጭሩ ጽፈው ይላኩለት። ከስምዎ ቀጥሎ «ታቦር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያፈሳል፣ አንድ ክፍል» ይበቃል። ከጽሑፍ ይልቅ በቴሌግራም የተላከ ፎቶና አጭር የድምፅ መልእክት የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

«ዋጋውን አስልቼ» ያለው ውሸት አይደለም፣ ዋጋ መስጠት በእውነት ከባድ ሆኗል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ፣ ቱቦውም ብሬከሩም ሲሊኮኑም፣ ባለሙያው በቃሉ የሚይዘው መሆኑ ቀርቷል። ሰኞ የነገረዎት ዋጋ ዓርብ ላይ ከሱ ኪስ ሊያስወጣው ይችላል፣ ቢጨምር ደግሞ እርስዎ «አታላይ» ይሉታል። ይህንን የሚፈራ ሰው ዋጋውን ሳይናገር መቅረትን ይመርጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ይለያዩ። እሱ የእጅ ዋጋውን ብቻ ይንገርዎት፣ የዕቃውን ዝርዝር ይጻፍልዎትና ራስዎ ይግዙ። ዝርዝሩ ላይ የቆርቆሮው ጌጅ (የውፍረት ቁጥሩ) መጻፉን ያረጋግጡ፤ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፣ ባለ 35 ከባለ 32 ይሳሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ትልቁን ቁጥር የተሻለ መስሎት ይገዛል።

ወቅቱም በእርስዎ ላይ ነው። ሐዋሳ በበልግም በክረምትም ይዘንብባታል፤ በልግ ላይ ጠብ ያለውን «ያልፋል» ብሎ የተወ ሁሉ ሰኔ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ለባለሙያ የሚደውለው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ሲሊኮንም ሬንጅም አይያዝም፤ ስለዚህ ሠራተኛው በሳምንት የሚያገኛቸው ደረቅ ሰዓቶች ጥቂት ናቸው፣ የሚጠሩት ቤቶች ብዙ። መስከረም ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል፦ እዚህ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ መስቀልን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ወደ ወላይታ፣ ወደ ከምባታ፣ ወደ ጉራጌ አገራቸው ይገባሉ፣ አንዳንዱም ጥቅምት ካልገባ አይመለስም። ይህን የምለው «እስከዚያ ይጠብቁ» ለማለት አይደለም። ከአሁን ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለዎት ጊዜ አጭር መሆኑን እንዲያውቁት ነው።

አሁን ወደ ቀብዱ። ሕጉ ከእርስዎ ጎን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ላይ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስሙን በግማሽ፣ አድራሻውን ጭራሽ የማያውቁትን ሰው በትንሽ ገንዘብ ፍርድ ቤት ለማቆም የሚያወጡት ጊዜና ወጪ ከጣሪያው ጥገና ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ የቀብዱ መንገድ ነው። እጅ ያጠረው ባለሙያ የእርስዎን ቀብድ ተቀብሎ የትናንት ደንበኛውን ዕቃ ይገዛበታል፤ የእርስዎን ዕቃ ደግሞ ከነገው ደንበኛ በሚያገኘው ቀብድ ሊገዛ ያስባል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲበጠስ ስልኩን የሚያጠፋው ለሁላችሁም ነው። አስቀድሞ ግማሽ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ሠርተው ሊጨርሱ የሚያስቡ ናቸው። ገንዘብዎ ግን ይይዘዋል ተብሎ የታሰበውን ሰው አይይዘውም፣ እንዲያውም የሚሸሽበት ምክንያት ይሆንለታል።

ፈቃድ ያለው ኮንትራክተርም መፍትሔ አይሆንዎትም። ደረጃ ያለው ተቋራጭ ሠራተኛ፣ መኪናና መጋዘን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለአንድ ክፍል ጣሪያ ቢመጣ የሚጠይቀው ዋጋ ጣሪያውን በሙሉ ሊያስቀይር የሚችል ነው። የሚያስፈልግዎት በአንድ ሰፈር ስሙ የሚታወቅ፣ ሁለት ሦስት ረዳት ያለው ባለሙያ ነው። እሱን በደላላ አይፈልጉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ማን እንደሠራ አይገደውም። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡበት መደብር ይሂዱና «ከእናንተ በየጊዜው የሚገዛ፣ ዕዳውን በሰዓቱ የሚከፍል ጣሪያ ሠሪ ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ባለ መደብሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ወይም ባለፈው ክረምት ጣሪያ ያሠራ ጎረቤት ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ያላፈሰ ጣሪያ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። ሌላው መንገድ በደህና ባለሙያ ሥር ዓመታት በረዳትነት ቆይቶ አሁን ራሱን የቻለ ወጣት ነው። ስም ገና እያወጣ ስለሆነ ትንሽ ሥራ አይንቅም፣ ስልክም ያነሳል።

ሰውየውን ከመጥራትዎ በፊት ሥራውን ለመቀበል የሚያጓጓ ያድርጉት። ጎረቤቶችዎን ይጠይቁ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ዘመን ስለተሠሩ ቆርቆሯቸውም በአንድ ጊዜ ያረጃል። ሦስት ቤት ካሰባሰቡ የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ የማይመጣ ባለሙያ አላውቅም። ጎረቤት ባይገኝ እንኳ የራስዎን ጥቃቅን ሥራ ያከማቹ፦ የላላውን አሸንዳ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ፣ የማይዘጋውን በር። የግማሽ ቀኑ ሥራ ሙሉ ቀን ይሞላል።

ፎቶም ያንሱ። ከውስጥ የኮርኒሱ እድፍ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ውሃ ቆርቆሮውን አልፎ ከገባ በኋላ በሞራሌው (ቆርቆሮው በሚመታበት እንጨት) ተንሸራቶ ነው የሚወርደው፣ ቀዳዳው ከእድፉ ሁለት ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። ዝናብ ባልዘነበበት ጠዋት ከጎረቤት ፎቅ ወይም በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ስልኩን አስረው የሚስማሩን መስመር ያንሱ። እኔ አንድ ጣሪያ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማየው የሚስማሩን ጎማ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ጎማ በጥፍር ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ከሥሩ ዝገቱ ክብ ሠርቶ ይታያል። ሁለተኛ የማየው ሚስማሩ የት እንደተመታ ነው። በጉብታው ላይ መመታት ያለበት ሚስማር በሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ የሚወርደው በራሱ በቀዳዳው ላይ ነው፣ የፈለገውን ያህል ሲሊኮን ቢቀባ አንድ ክረምት አይዘልቅም። እንዲህ ያለ ፎቶ የደረሰው ባለሙያ ቤትዎ ሳይመጣ ሥራውን ግማሽ ያውቀዋል፤ መጥቶ የማይሆንለትን ሥራ የማየት ድካምም ይቀርለታል።

ሲያነጋግሩት ደግሞ «አይ» የሚልበትን በር ይክፈቱለት። እንዲህ ይበሉት፦ «ሥራው የማይመችህ ከሆነ አልቀየምም፣ አሁኑኑ ንገረኝና የሚሠራ ሰው ጠቁመኝ። የምትመጣ ከሆነ ለማየት የወጣህበትን ትራንስፖርትና ድካም እከፍላለሁ፣ ብትሠራውም ባትሠራውም።» ያንን ክፍያ በቴሌብር ይላኩት። ስሙ ሙሉ ይመጣልዎታል፣ ክፍያውም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ይህ ትንሽ ገንዘብ ከቀብድ የሚለየው ለተሠራ ሥራ የተከፈለ መሆኑ ነው፤ ዓይቶ ጨርሷልና ሁለታችሁም ዕዳ የለባችሁም። ሥራውን ከተስማማችሁ ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፣ የእጅ ዋጋውን አብዛኛውን በጨረሰ ቀን ይክፈሉ፣ ትንሽ ቀሪ ግን ከመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በኋላ እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይንገሩትና ይስማማ። ዝናቡ አልፎ ካላፈሰ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ሳይጠይቅዎት ይላኩለት። ቀሪ ክፍያ «ነገ፣ ነገ» የሚባልበት ቤት ስሙ በባለሙያዎች መካከል ይዞራል፣ እነሱም ስልኩን የማያነሱት እንደዚያ ላለው ቤት ነው።

ሁለት ነገር ግን እባክዎ ይጠንቀቁ። ውሃው ከመብራት አምፖሉ አጠገብ የሚወርድ ከሆነ ወይም ኮርኒሱ ውስጥ ሽቦ የሚያልፍበት ከሆነ የዚያን ክፍል ብሬከር ያጥፉና ሠራተኛው ዓይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ አያብሩት። ኮርኒሱ ሆዱ ወደ ታች ካበጠ ውሃ አቁሯል ማለት ነው፤ ከሥሩ አልጋ አይኑር፣ ልጅም አይተኛ። ሁለተኛው፣ ራስዎም ሆኑ የሰፈር ልጅ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ። ቆርቆሮ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ያረጀ ሞራሌ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ከእግር ሥር ይሰበራል። እስከዚያ ድረስ ከውስጥ፣ ከኮርኒሱ በታች ሸራ ወጥረው ውሃውን ወደ አንድ ባልዲ ቢመሩት ይበቃል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህ ነው። ለሦስተኛው ሰውዬ ነገ ማታ አንድ መልእክት ብቻ ይላኩ፦ «እስከ ቅዳሜ ማታ መልስህን ካላገኘሁ ሌላ ሰው አሠራለሁ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም።» መልስ እስኪሰጥ ግን እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ፤ በዚያው ቀን ቆርቆሮ መደብሩ ሄደው ሁለት ስም ይቀበሉና ለሁለቱም ፎቶውን ይላኩ። አንዱ ከተስማማ ለሌላው «ሰው አግኝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይንገሩት። የዚያን የጠፋውን ሰውዬ ቁጥርም አይሰርዙት። ኅዳር ላይ አሸንዳውን ለማጽዳትና የተቀሩትን ሚስማሮች ለመቀየር ይደውሉለት፤ በዚያን ወቅት ለሚያፈስ ጣሪያ የሚጠራው ሰው ስለማይኖር ያነሳል።